ስለ ሊባኖስ ወይን ጠጅና ስለ አንድ ቤተ ሰብ ትዕግሥት

ዕቃ የሚገዛ ሰው ዐይቶና ዳስሶ ይገዛል። ጨርቅ የሆነ እንደ ሆነ ዘርግቶ ያየዋል፤ እህል የሆነ እንደ ሆነ ቈርጥሞ ይለየዋል። ወይን ጠጅ ግን በጠርሙስ ገብቶ በቡሽ ተደፍኖ የሚሸጥ ነውና፥ በሩቅ አገር ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው በዐይኑ ላላየው፥ በአፉም ላልቀመሰው ነገር ነው። ስለዚህ ወይን ጠጅ ማዘዝ ከሁሉ አስቀድሞ ሰውን ማመን ነው። ወይን ጠማቂውም በበኩሉ ዛሬ የደከመበትን ነገር ከብዙ ዓመት በኋላ ቀምሶ የሚቀበለው ሰው እንደሚገኝ ያምናል። ይህ የሁለት ወገን እምነት በሰላም ጊዜ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ክብደቱ የሚታወቀው ግን መንገድ ሲዘጋ፥ ገበያ ሲጠፋ፥ ነገ የሚሆነውን ማንም ሊናገር በማይችልበት ጊዜ ነው። በሊባኖስ አገር የሚኖረው የሆሻር ቤተ ሰብ ታሪክ ለዚህ መልካም ምስክር ይሆናል። በዚህ ታሪክ ውስጥ የሚነሣው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሊባኖስ ከሜዲቴራኒያን ባሕር ዳር የተዘረጋች ጠባብ አገር ናት። ሁለት የተራራ ሰንሰለቶች ጐን ለጐን ሆነው ከሰሜን ወደ ደቡብ ይወርዱባታል፤ በምዕራብ በኩል ያለው የሊባኖስ ተራራ ሲባል፥ በምሥራቅ በኩል ያለው አንቲ ሊባኖስ ይባላል። በሁለቱም መካከል የበቃዕ ሸለቆ ይገኛል። ስሙ ሸለቆ ይባል እንጂ ቈላ አይደለም፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው። በበጋው ወራት ዝናም የለም፤ ቀኑ ፀሓይ፥ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የብርዱ ወራት ሲመጣ በተራራው ላይ በረዶ ይጥላል፤ በረዶውም ሲቀልጥ ውሃው ወደ ሜዳው ይወርዳል። ወይን የሚወድደው እንዲህ ያለ ስፍራ ነው፤ ፀሓዩ ፍሬውን ያበስለዋል፥ የሌሊቱም ቅዝቃዜ ጣዕሙን ይጠብቅለታል።

ወይን በዚያ ምድር የትናንት እንግዳ አይደለም። የበቃዕ ሰዎች ካራክ ኑሕ በተባለች መንደር ውስጥ የኖኅ መቃብር ነው የሚሉትን ስፍራ እስከ ዛሬ ድረስ ያሳያሉ፤ ወይን በመትከል የመጀመሪያ ሆኖ በመጽሐፍ የተጻፈውን አባት የራሳቸው አድርገው ይቈጥሩታል። ነቢዩ ሆሴዕም በትንቢቱ መጨረሻ ምዕራፍ የሊባኖስን ወይን ለመልካም ዝና ምሳሌ አድርጎ አንሥቶታል። በበዓልበክ ከተማ ደግሞ ሮማውያን በ2ኛው መቶ ዓመት የሠሩት፥ የወይን አምላክ ይሉት የነበረው የባኮስ መቅደስ ነው የሚባለው ታላቅ ሕንጻ፥ ዐምዶቹ እንደ ቆሙ ይታያል።

የዚያ አገር ወይን በባሕር ተጭኖ ወደ ሩቅ ገዢ መሄዱም ከጥንት የነበረ ነው። በ1999 ዓመት ከአስቀሎና ወደብ በስተ ምዕራብ፥ በጥልቅ ባሕር ውስጥ ሁለት የፊንቄ መርከቦች ተመረመሩ። መርከቦቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ8ኛው መቶ ዓመት ከነጭነታቸው የሰጠሙ ናቸው። ጭነታቸውም በብዙ መቶ የሚቈጠር የሸክላ ማሰሮ ነበረ፤ ማሰሮው ሲመረመር ውስጡ ወይን ጠጅ እንደ ነበረበት ታወቀ። ያን ወይን ያዘዘ ሰው በአንድ ወደብ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ኖሮ ይሆናል፤ ያዘዘው ግን ሳይደርሰው ቀረ። ወይን በሚላክበት መንገድ ላይ አደጋ መኖሩ እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው።

በኋለኛው ዘመን በበቃዕ የወይን ጠጅን ሥራ ያደሱት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ናቸው። በ1857 ዓመት በክሳራ መሬት ይዘው ከአልጄሪያ የመጣ የወይን ተክል ተከሉ፤ በፈረንሳይም ሥርዐት ወይን ጠጅ መጥመቅ ጀመሩ። እስከ 1973 ዓመት ድረስ ሥራውን በእጃቸው ይዘውት ቈይተው ከዚያ በኋላ ሸጡት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊባኖስ በፈረንሳይ ሞግዚትነት ሥር ስትገባ፥ ሹማምንቱና ወታደሮቹ በየማዕዳቸው ወይን ጠጅ የለመዱ ነበሩና የገዢው ቍጥር በዛ።

በዚህ ጊዜ በ1930 ዓመት ሙሴ ጋስቶን ሆሻር የተባሉ ገና የ20 ዓመት ወጣት የራሳቸውን የወይን ጠጅ ቤት አቆሙ። ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደው በቦርዶ የሚሠራውን አይተው ነበርና፥ በአገራቸውም እንዲሁ ያለ መልካም ነገር ሊሠራ እንደሚችል አመኑ። ስፍራውም ከቤይሩት በስተ ሰሜን 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ባሕሩን ቍልቍል በሚመለከተው በጋዚር መንደር፥ በ18ኛው መቶ ዓመት በተሠራ አሮጌ ግንብ ውስጥ ሆነ። የግንቡ ስም መዛር ይባል ነበር፤ በዓረብኛ ሰዎች እየሄዱ የሚጎበኙት ስፍራ ማለት ነው። ከዚህም ስም የተነሣ ወይን ጠጁ ሻቶ ሙሳር ተባለ፤ ሻቶ ማለትም በፈረንሳይኛ ግንብ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ሊለው ይገባል። የወይኑ ተክል ያለው በበቃዕ ሜዳ ነው፤ መጥመቂያው ግን ከተራራው ወዲህ ማዶ በባሕሩ በኩል ነው። ለዚህም የሚነገረው ምክንያት በዚያ ዘመን የሊባኖስ ድንበር ገና የጸና ስላልነበረ፥ በቃዕ ነገ ለሶርያ ይሰጥ ይሆናል የሚል ሥጋት ስለ ነበረ ነው። ጋስቶን ተክሉ ቢወሰድባቸው እንኳ ቤታቸው እንዲተርፍላቸው አሰቡ። ስለዚህ በየዓመቱ ወይኑ ሲለቀም በካሚዮን ተጭኖ ተራራውን መሻገር ግድ ሆነ። መንገዱ በደኅና ጊዜ የጥቂት ሰዓት ጕዞ ነውና ማንም እንደ ችግር አልቈጠረውም። ከድንበር ሥጋት ለመዳን የተደረገው ይህ ጥንቃቄ ግን፥ ከ40 ዓመት በኋላ ራሱ የቤቱ ትልቅ ፈተና ሆኖ ተገኘ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1941 ዓመት የእንግሊዝና የነጻው ፈረንሳይ ጦር ወደ ሊባኖስ ከገባ በኋላ፥ ከእንግሊዝ መኰንኖች አንዱ የነበሩት ማዦር ሮናልድ ባርተን ከሙሴ ጋስቶን ጋራ ወዳጅ ሆኑ። ማዦር ባርተን በቦርዶ አገር የታወቀ የወይን ተክል ያላቸው ሰው ነበሩ፤ ጦርነቱ ከተክላቸው ለይቷቸው በሰው አገር ሲኖሩ የሙያ ጓደኛ አገኙ። ወዳጅነቱም የጸና ነበረና የጋስቶን ሁለተኛ ልጅ ሮናልድ ተባለ። ሊባኖስም በ1943 ዓመት ነጻነቷን አገኘች።

የጋስቶን የበኵር ልጅ ሙሴ ሰርዥ በ1939 ዓመት ተወለዱ። በ1959 ዓመት ወደ ወይን ጠጁ ሥራ ሲገቡ፥ ጠመቃውን በራሳቸው ፈቃድ ያካሂዱ ዘንድ አባታቸውን ጠየቁ፤ አባታቸውም ፈቀዱላቸው። አባት ገና በሕይወትና በጕልበት ሳለ ለልጁ ቦታውን መልቀቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ የቤተ ሰብ ንብረት ብዙ ጊዜ የሚፈርሰው ይህን ባለመቻል ነውና የጋስቶን አስተዋይነት በዚህ ይታወቃል። ሰርዥም ወደ ቦርዶ ሄደው ዣን ሪቤሮ ጋዮንና ኤሚል ፔይኖ ከተባሉት ስመ ጥር የወይን ጠጅ ሊቃውንት ዘንድ ተማሩ። ወንድማቸው ሙሴ ሮናልድ ደግሞ ከ1962 ዓመት ጀምሮ የሒሳቡንና የንግዱን ሥራ ያዙ።

ሰርዥ ከትምህርት ቤት የተማሩትን ሁሉ እንዳለ አልተከተሉም። ሊቃውንቱ ወይን ጠጅን ከብልሽት የሚጠብቁበትን ብልኀት ሁሉ አስተምረዋቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ብልኀት ሲበዛ የወይኑ ጠባይ ይጠፋል ብለው አመኑ። ስለዚህ እርሾ ሳይጨምሩ ወይኑ በገዛ እርሾው እንዲፈላ ያደርጉ ነበር፤ እንዳይበላሽ የሚጨመረውንም ድኝ እጅግ አሳነሱት፤ ማጥለሉንም ተዉት። ቀዩ ወይን ጠጅ ከሦስት ዐይነት ወይን፥ ማለት ከካቤርኔ ሶቪኞን፥ ከካሪኛንና ከሳንሶ የተሠራ ነው። ነጩ ግን ኦበይዴና መርዋ ከሚባሉት ከሊባኖስ የአገር ተወላጅ ወይኖች ይጠመቃል።

የሥራውም ተራ እንዲህ ነው። ወይኑ ተለቅሞ በሲሚንቶ ገንዳ ውስጥ ይፈላል፤ በዚያም ወራት ከቈየ በኋላ ከፈረንሳይ ባሉጥ እንጨት በተሠራ በርሜል ገብቶ አንድ ዓመት ያህል ይቀመጣል። ከዚያም ሦስቱ ዐይነት በልክ ተደባልቀው በጠርሙስ ይገባሉ፤ ጠርሙሱም በምድር ቤት ውስጥ ተጋድሞ ለብዙ ዓመት ይቈያል። ለገዢ የሚወጣው ከተለቀመ በሰባተኛው ዓመት ነው። ብዙዎች ወይን ጠማቂዎች በሁለትና በሦስት ዓመት ሽጠው ገንዘባቸውን ሲሰበስቡ፥ የሆሻር ቤት ግን የሰባት ዓመት ድካሙን ከምድር በታች አስቀምጦ ይጠብቃል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ፥ ሰርዥ መቸኰልን እንደ ጥፋት ይቈጥሩት ነበር።

በ1975 ዓመት በሊባኖስ የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣ። አገሪቱ በየሃይማኖቱና በየወገኑ ተከፋፈለች፤ የጎረቤት አገሮችም ጦር ገባባት። ቀድሞ አብዛኛው የሙሳር ወይን ጠጅ የሚሸጠው በዚያው በሊባኖስ ነበረ፤ ቤይሩት ብዙ እንግዳ የሚመጣባት፥ ብዙ ግብዣ የሚደረግባት ከተማ ነበረችና። አሁን ግን እንግዳው ሸሸ፥ ግብዣውም ቀረ። በ1976 ዓመት ከነጭራሹ ወይን ጠጅ ሳይጠመቅ ቀረ። በጋዚር ምድር ቤት ጠርሙሱ በዓመት በዓመቱ ተደርድሮ በሚቀመጥበት ስፍራ የ1976 ዓመት ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። ጦርነት በመጻሕፍት በብዙ ቃል ይጻፋል፤ በዚያ ቤት ግን ያ ባዶ ስፍራ ብቻውን ይናገራል።

የአገር ውስጥ ገበያ ሲጠፋ ለቤተ ሰቡ ሁለት መንገድ ብቻ ቀረ፤ ወይ ቤቱን ዘግቶ መሰደድ፥ ወይም ሩቅ አገር ላለ፥ ስማቸውን እንኳ ለማያውቅ ሰው መሸጥ። ሁለተኛውን መረጡ። ነገር ግን ከሊባኖስ መልካም ወይን ጠጅ ይመጣል ብሎ የሚጠብቅ በዚያን ጊዜ በአውሮፓ ጥቂት ሰው ነበረ፤ በጋዜጣ ስለ ሊባኖስ የሚነበበው የእሳትና የደም ወሬ ብቻ ነበር። እንግዲህ ዝና የሌለው ሻጭ ምስክር አድርጎ ሊያቀርበው የሚችል ነገር ቢኖር ያንኑ ወይን ጠጁን ነው።

በ1979 ዓመት በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የወይን ጠጅ ትርኢት ሲደረግ ሰርዥ ጠርሙሳቸውን ይዘው ሄዱ። በዚያም ሚስተር ማይክል ብሮድቤንት የሙሳርን ወይን ቀመሱ። እኒህ ሰው ክሪስቲ የተባለው የለንደን የሐራጅ ቤት የወይን ጠጅ ክፍል አለቃ ነበሩ፤ በቀማሽነታቸውም ቃላቸው በነጋዴውም በገዢውም ዘንድ እንደ ፍርድ የሚቈጠር ነበረ። የቀመሱትም በ1967 ዓመት የተለቀመውን፥ ከጦርነቱ በፊት በሰላም የተጠመቀውን ነበር። ቀምሰውም ከትርኢቱ ሁሉ አዲስ የተገኘ ትልቅ ነገር ይህ ነው ብለው መሰከሩለት። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ማዘዝ ጀመሩ፤ በሰማንያዎቹ ዓመታትም የቤቱ ዋና ገዢ እንግሊዝ አገር ሆነ። አንድ አፍ የቀመሰው አንድ ብርጭቆ ለቤቱ አዲስ ገበያ ከፈተለት።

ሆኖም ማዘዙ አንድ ነገር ነው፤ ማድረሱ ግን ሌላ ነው። ለ1967 የመሰከሩት ሰዎች የሚጠብቁት የሚቀጥለውን ዓመት፥ ከዚያም የሚቀጥለውን ነው። ያን ለመሙላት በየመስከረሙ ካሚዮኖቹ ከበቃዕ ተነሥተው ተራራውን መሻገር ነበረባቸው። መንገዱ ግን አሁን የአንድ መንግሥት መንገድ አልነበረም፤ በየኬላው ሌላ ሰንደቅ ዓላማ፥ ሌላ ጠመንጃ ይዞ የሚያስቆም ነበር። በ1982 ዓመት የእስራኤል ጦር ከደቡብ ገባ፤ የሶርያ ጦር በበቃዕ ሰፍሮ ነበር፤ በመካከሉም ባለው ተራራ ላይ የአገሩ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር።

ከሁሉ የከፋው የ1984 ዓመት ለቀማ ነው። መንገዱ በውጊያ ስለ ተዘጋ ወይኑን የጫኑት ካሚዮኖች በዙሪያ ጥምጥም መንገድ ለመሄድ ተገደዱ፤ የጥቂት ሰዓቱም ጕዞ የቀናት ጕዞ ሆነ። ጠጅ ጥሎ የሚያውቅ ሰው ከዚያ በኋላ የሆነውን ለማስተዋል አይቸግረውም። የተለቀመ ፍሬ በሙቀት ተደራርቦ ሲሰነብት ይጨመቃል፥ ጭማቂውም ሰውን ሳይጠብቅ ይፈላል። ካሚዮኖቹ ጋዚር ሲደርሱ ወይኑ በመንገድ ላይ ሳለ መፍላት ጀምሮ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሁሉን ደፍቶ ዓመቱን በኪሳራ ይዘጋ ነበር። ሰርዥ ግን አልደፉትም፤ የሆነውን ያህል ጠምቀው በጠርሙስ አስገብተው አስቀመጡት። ለገዢዎቻቸው እንደ ሌላው ዓመት አድርገው ባያቀርቡትም፥ እንደ ተበላሸ ነገር አልናቁትም። ወይን ጠጅ የዓመቱን ነገር ሁሉ ይዞ የሚናገር ከሆነ፥ ያ ወይን የሚናገረው የዚያን ዓመት መከራ ነውና።

የሚያስደንቀው ግን በዚያው በ1984 ዓመት በለንደን የሚታተመው ዲካንተር የተባለ የወይን ጠጅ መጽሔት የዓመቱን ሰው መምረጥ ሲጀምር፥ ከሁሉ አስቀድሞ የመረጠው ሙሴ ሰርዥን መሆኑ ነው። ክብሩ የተሰጣቸው በጦርነት መካከል ሥራቸውን ስላላቋረጡ ነበር። እንዲህ ሆነና ስማቸው በለንደን ሲከበር ወይናቸው በሊባኖስ መንገድ ላይ ተይዞ ነበር።

ጦርነቱ እስከ 1990 ዓመት ድረስ ቈየ። የመድፍ ጥይት እስከ ጋዚር አካባቢ ድረስ ሲደርስ፥ ወይን ጠጁ የሚተኛበት ምድር ቤት ለመንደሩ ሰዎች መሸሸጊያ ሆነ። ሕፃናትና ሽማግሌዎች በበርሜሉና በጠርሙሱ መካከል ተቀምጠው ተኩሱ እስኪያልፍ ድረስ ይጠብቁ ነበር። በለንደን ማዕድ ላይ የሚቀርበው ጠርሙስ በዚያ ጨለማ ውስጥ ከሰዎቹ ጋራ አብሮ ተሸሽጎ የነበረ ነው። ከ1976 በቀር ግን በዚያ በ15 ዓመት ጦርነት ውስጥ ያለ ጠመቃ የቀረ ዓመት አልነበረም።

ከዚህ ላይ ለፍርድ የሚያስቸግር አንድ ጥያቄ ይነሣል። የሙሳርን ወይን የሚያዝ ሰው የሚገዛው ወይኑን ነው ወይስ የወይኑን ታሪክ? በሙያው የተካኑ ብዙ ቀማሾች በዚህ ወይን ላይ ነቀፋ ያቀርባሉ። ከጠርሙሱ የሆምጣጤ ሽታ የሚመስል ይወጣል፤ አንዱ ጠርሙስ እንደ ሌላው አይደለም፤ በትምህርት ቤት ሕግ ቢመዘን ብዙው ነገሩ ጕድለት ይባላል፤ ገዢውም በጦርነቱ ታሪክ ልቡ ተነክቶ ጕድለቱን ይቅር ብሎታል ይላሉ። ይህ ነቀፋ ከንቱ አይደለም። ድኝን ያሳነሰና ማጥለልን የተወ ጠማቂ፥ ወይኑ ወደ ፈለገበት እንዲሄድ መንገድ ከፍቶለታልና፥ አንዳንድ ጊዜ ወደ ክፉ መሄዱ አይቀርም። ለጠርሙስ ብዙ ገንዘብ የከፈለ ሰውም የሚቀበለው ነገር እንደ ጠበቀው እንዲሆን መፈለጉ መብቱ ነው።

ሰርዥ ነቀፋውን አልሸሹም፤ ነገር ግን የአቀማመሱን ሥርዐት መልሰው ይጠይቁ ነበር። ቀማሾች በአንድ ጧት ብዙ ዐይነት ወይን ተራ በተራ ቀምሰው፥ እየተፉ፥ ለእያንዳንዱ በደቂቃ ውስጥ ማርክ ይሰጣሉ። ሰባት ዓመት ተዘግቶ የቈየ ነገር ግን በተከፈተ ደቂቃ ጠባዩን ሁሉ አይገልጥም። ስለዚህ ሰርዥ ጠርሙስ ከፍተው እንግዳውን አስቀምጠው፥ ያው አንዱ ወይን ከሰዓት ወደ ሰዓት እንዴት እንደሚለወጥ እንዲያስተውል ያደርጉ ነበር። በሌላው ዘንድ ልማዱ ነጩን አስቀድሞ በቅዝቃዜ ማቅረብ ሲሆን፥ እርሳቸው ነጩን ከቀዩ በኋላ ሳያቀዘቅዙ ያቀርቡት ነበር፤ የሊባኖስ ነጭ ወይን ከቀዩ ይልቅ ብርቱ ነው ብለው ያምኑ ነበርና።

ፍርዱም ከዚህ የተነሣ ይመስላል። ታሪኩ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወይኑን አንድ ጊዜ ያስገዛ ነበር እንጂ በየዓመቱ አያስገዛም ነበር። ደግሞም ሚስተር ብሮድቤንት የመሰከሩለት ወይን ጦርነት ያልነካው የ1967ቱ ነው፤ እንግዲህ ከርኅራኄ በፊት ጣዕሙ ቀድሞ ነበር። ይሁን እንጂ ጣዕሙና ታሪኩ እንደ ውሃና ዘይት የማይቀላቀሉ ሁለት ነገሮች አይደሉም። በየዓመቱ አንድ ዐይነት እንዲሆን ያልተገደደ ወይን የዓመቱን ፀሓይ፥ የዓመቱን መዘግየት፥ የዓመቱን መከራ ይዞ ይመጣል። ይህን የሚያዝ ሰው ሁልጊዜ ከማይለወጥ ዕቃ ቤት እንደሚገዛ አያስብ፤ የሚያዝዘው ከአንድ ቤተ ሰብ እጅ፥ ከአንድ አገር ዕድል ነው።

ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ከ1991 ዓመት ጀምሮ ታሬክ ሳክር የተባሉት ጠማቂ ከሰርዥ ጋራ መሥራት ጀመሩ፤ የሰርዥ ልጆች ጋስቶንና ማርክም በየተራቸው ወደ ሥራው ገቡ። የበኵሩ ልጅ ስም የአያቱ ስም መሆኑ የቤቱን አካሄድ ያሳያል። በ2006 ዓመት ከሐምሌ 12 እስከ ነሐሴ 14 ቀን ድረስ በእስራኤልና በሒዝቦላህ መካከል ውጊያ ሲደረግ ድልድዮችና መንገዶች ፈረሱ፤ ፍሬው ግን በተክሉ ላይ ሳለ ውጊያው ቆመና ለቀማው ተደረገ።

ሙሴ ሰርዥ በታኅሣሥ ወር መጨረሻ ቀን በ2014 ዓመት፥ በሜክሲኮ አገር ከቤተ ሰባቸው ጋራ ለዕረፍት ሄደው ሳለ፥ በባሕር ሲዋኙ በደረሰባቸው አደጋ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 75 ዓመት ነበር። ያን ጊዜ የዚያ ዓመት ለቀማ ከተጠናቀቀ ገና ጥቂት ወራት ብቻ አልፎ ነበር፤ ወይኑም በጋዚር በገንዳ ውስጥ ነበረ። በቤቱ ሥርዐት መሠረት ያ ወይን ለገዢ መውጣት የሚገባው በ2021 ዓመት ነው። በመካከሉ ሊባኖስ ሌላ መከራ አየች፤ ከ2019 ዓመት ጀምሮ ገንዘቧ ወደቀ፤ በነሐሴ 4 ቀን 2020 ዓመት የቤይሩት ወደብ በታላቅ ፍንዳታ ፈረሰ። ወይኑ ግን በምድር ቤቱ ተኝቶ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ሰባተኛው ዓመት ደርሶ ያን ጠርሙስ ያዘዘ ሰው፥ ቡሹን ነቅሎ በብርጭቆ ሲቀዳ፥ የቀዳው ሰርዥ በሕይወት ሳሉ በመጨረሻ ያዩትን ወይን ነው። ሰውየው ሲለቅሙትና ሲጠምቁት እርሱ ሲጠጣው እንደማያዩት አላወቁም፤ እርሱም ያዘዘው ከሞተ ሰው እጅ መሆኑን ሳያስብ ይሆናል። ይህም ቢሆን ስምምነታቸው አልፈረሰም፤ አንዱ ለማያውቀው ሰው ደከመ፥ ሌላውም ለማያውቀው ሰው አምኖ ከፈለ። ጋስቶን ግንቡን ከተራራው ወዲህ ሲያቆሙ የጠበቁት አደጋ አልመጣም፤ ያልጠበቁት ግን መጣ። ከዚያ ሁሉ በኋላ ቤቱን ያቆየው በየመስከረሙ ካሚዮን ጭኖ መላክ፥ ጠርሙሱንም እስከ ሰባተኛው ዓመት መጠበቅ ነው።